የዞረ ይሸነፋል

እህቴ የመነኮሰችው እኔ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ነው። እንዲህ አምኜ ነበር፤ ለጠየቀኝም ሁሉ በኩራት የተናገርሁት ይህንኑ ነው። ከጠየቁኝ መካከል አንዷ፣ ያየሁትን እንዳየሁት ብነግራት ኖሮ፣ እህቴን ከመንገድ ልትመልሳት ትችል ነበር።

ቤታችን ብቸና፣ ከደብሩ ቅጥር ጀርባ ነበር። አባቴ መሪጌታ ገብረ ማርያም ጠዋት ጠዋት ለተማሪዎቹ ዜማ ያስተምራል፤ ከሰዓት በኋላ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ብራና ይጽፋል። እናታችን አስናቀች በወሊድ ሞታ ሁለት ዓመት አልፏት ነበር። ከዚያ ወዲህ የቤቱ እመቤት ስርጉት ናት፤ አሥራ አምስት ዓመቷ፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ። እኔ በስሟ ጠርቻት አላውቅም። ታላቅ እህት በስሟ አትጠራም፤ «እታለም» ነበር የምላት።

እኔ ከአባቴ የወረስሁት እጁን ነው። በስድስት ዓመቴ ብዕር አስይዞኛል። ጥቁሩን ቀለም ከየት እንደሚያወጣው፣ ቀዩን ለምን እንደሚቆጥበው አውቅ ነበር፤ ቀይ ቀለም የሚነካው የእግዚአብሔር፣ የእመቤታችን ወይም የቅዱሳን ስም ሲመጣ ብቻ ነው። ተማሪዎቹ የእኔንና የእርሱን ጽሑፍ ጎን ለጎን ይዘው «ለዩ እስቲ» እየተባባሉ ይሳሳቁ ነበር። በዓለም ላይ የሚያኮራኝ ነገር ያ ነበር።

እንደዚያ ባለ ቤት ያደገች ልጅ፣ ሴት ልጅ ከአባቷ ቤት የምትወጣባቸውን ሁለት በሮች ታውቃለች፤ ሠርግና ምንኩስና። በዚያ ኅዳር ቤታችን ጠላ አልተጠነሰሰም፣ ዳስ አልተጣለም። ስለዚህ የቀረው አንዱ በር ነበር።

እትዬ ሀብትነሽ ከሞጣ የመጣችው ሰኞ ቀን ነው። ስርጉትን በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ያነሣቻት እርሷ ናት፤ ለአባቴ አበልጁ፣ ለሟች እናቴ የልብ ወዳጇ ነበረች። ሞጣ ገበያ ላይ ጨርቅ ትሸጣለች። ስትመጣ ባዶ እጇን መጥታ አታውቅም፤ ለእኔ ብስኩት፣ ለስርጉት የፀጉር ጌጥ፣ ለአባቴ ማር። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ልጇ ሞታባታለች። ልጅቷን እኔ የማውቃት «ሙሉ» በሚለው የቤት ስሟ ብቻ ነበር። አባቴ ሞጣ ድረስ ሄዶ ፍትሐቷን አድርሷል።

ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ። እነርሱ ያወራሉ። ልጅ ሲጽፍ አይሰማም ብለው ያስባሉ።

«ሁለት ዓመት ነው መሪጌታ። ሁለት ዓመት ዘግታ ትቀመጣለች፤ ከዚያ ወዲያ እንደ ፈቃዷ ነው።»

«ከቤት ትወጣለች ወይ?»

«ምን ልታደርግ ትወጣለች? መኝታው እዚያው፣ መብሉ እዚያው፣ ሥራው እዚያው።»

«ጾሙስ?»

«ጾም በልብ ነው ይላሉ እርስዎ ራስዎ።»

 አባቴ ብራናውን ሲያገላብጥ ይሰማኛል።

«ስሟ የግድ መለወጥ አለበት?»

«በራሷ ስም አትገባማ! ዕድሜዋ መች ደረሰ?»

«ልጅ ናት እኮ፣ እትዬ ሀብትነሽ።»

«እኔስ ስዳር ልጅ አልነበርሁም? ኧረ መሪጌታ! አስናቀች ብትኖር ይህችን ልጅ ለማን ትሰጣት ነበር? ለእኔ አይደለም? እኔ እናቷ አይደለሁ?» ድምፅዋ ተሰበረ። «እኔ ልጅ የለኝ። ለማን ብዬ ነው የምደክመው?»

ሁለት ዓመት የሚለውን ስሰማ ብዕሬን አስቀመጥሁ። ተማሪዎቹ ሲያወሩ ሰምቻለሁ፤ ገዳም የሚገባ ሰው አስቀድሞ አመክሮ ይቀመጣል፣ ይፈተናል፣ ያገለግላል፣ ከዚያ ስሙ ይለወጥና ለዓለም የሞተ ይሆናል። ሁሉም ገጠመ። ሥራው፣ መዝጋቱ፣ ስሙ። ልቤ በደስታ ዘለለ። ከቤታችን ጻድቅ ሊወጣ ነው።

አባቴ ለምን እሺ እንዳለ ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ። ድህነት ነው ብል ግማሹን ብቻ መናገሬ ነው። ሌላው ግማሽ ይህ ነው፤ ሴቲቱ ልጁን በክንዷ ታቅፋ ከጥምቀቱ ያወጣች ናት፤ እንዲህ ያለችውን ሴት እምቢ ማለት አባቴን ማንም አላስተማረውም።

በሦስተኛው ቀን እትዬ ሀብትነሽ ጥቁር ረጅም ቀሚስና ጥቁር መሸፈኛ ከሻንጣዋ አወጣች። ስርጉት ለብሳው ብቅ ስትል አፌን በእጄ ያዝሁ። መነኩሲት ሆናለች፤ ቆቡ ብቻ ነው የቀራት። ቀጥሎ መቀስ መጣ። የእህቴ ሹሩባ እስከ ትከሻዋ የሚወርድ ነበር፤ መሬት ላይ ወደቀ። ከፀጉሩ በኋላ መቀሱ ወደ አንገቷ ዞረ።

«ማተቤን ለምን?» አለች ስርጉት፣ በሁለት እጇ ይዛው።

«እዚያ ያዩብሻል።»

«ቢያዩስ?»

«ያሰርሁልሽ እኔ፣ የምፈታልሽ እኔ። ልቀቂው ልጄ።»

ለቀቀችው። ጥቁር ክር ናት፤ ላብ ያጠነከራት። ማንም ሳያየኝ አንሥቼ በክብሪት ቀፎ ከተትኋት። የቅዱሳን ዕቃ እንደሚጠበቅ አውቃለሁ። አዲስ፣ የተባረከ ማተብ በገዳሙ እንደሚያስሩላት አልተጠራጠርሁም። ስርጉት አለቀሰች፤ እኔ የንስሐ እንባ ነው አልሁ።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ሀብትነሽ በቁልምጫ ስሜ ጠራችኝ።

«ወይኔ፣ ነይ ያን የተባረከ እጅሽን አምጪው። የእኔ ጽሑፍ እንደ ዶሮ ጭረት ነው፣ የሚያነበው የለም።»

ከደብተሬ መካከል ንጹሕ ወረቀት ቀደድሁ። እርሷ ትነግረኛለች፣ እኔ እጽፋለሁ፤ አባቴ ደጃፉ ላይ ነበር፣ ጀርባውን ሰጥቶን።

«ስም፣ አመተ ሥላሴ አለበል። ጻፍሽ? ዕድሜ፣ ሃያ ሦስት። የትውልድ ቦታ፣ ሞጣ። ሥራ፣ የቤት እመቤት። ማን ላከሽ ቢሉሽ፣ ማንም። በፈቃዴ ነው የምሄደው።»

አመተ ሥላሴ። የሥላሴ አገልጋይ። ከዚህ የሚበልጥ የምንኩስና ስም ከየት ይመጣል? ብዕሬን አቆምሁ። ተነሥቼ የአባቴን የቀይ ቀለም ዕቃ አመጣሁ። «ሥላሴ» የሚለውን በቀይ ጻፍሁት፤ ሁለቴ ነው የነከርሁት፣ እንዲደምቅ።

«ይህቺ ልጅ!» ብላ ሳቀች እትዬ ሀብትነሽ። ከዚያ ወረቀቱን አየችው። ለረጅም ጊዜ አየችውና በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። እኔ ጽሑፌ አምሮባት መሰለኝ።

ስሙ የሟች ልጇ የክርስትናም የመታወቂያም ስም መሆኑን፣ መታወቂያው ሳይመለስ ከእጇ እንደቀረ፣ በሙት ልጇ ስም ሕያው ልጅ ልትልክ እንደሆነ ያወቅሁት ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። አባቴ ግን ያን ዕለት ያውቅ ነበር። ያን ስም በቀብሯ ቀን በራሱ አንደበት ጠርቶታል።

ወረቀቱ ለስርጉት ተሰጠ፤ በቃሏ እንድትይዘው። ቀጥሎ ጨዋታው ተጀመረ።

ጨዋታውን ያወጣችው እትዬ ሀብትነሽ ናት፤ ያጫወትሁት እኔ። ሕጉ አንድ ነው። ስርጉት ሥራዋን ትሠራለች፣ እኔ ከኋላዋ ተደብቄ ድንገት እጠራታለሁ። «አመተ ሥላሴ!» ስል «አቤት» ትላለች። «ስርጉት!» ስል ግን መዞር የለባትም። የዞረ ይሸነፋል። የተሸነፈ ወረቀቱን ከመጀመሪያው ጀምሮ በቃሉ ይላል።

ታላቅ እህቴን በባዶ ስሟ መጥራት! እንዲህ ያለ ነገር ማን ይፈቅዳል? ጣፈጠኝ። ቀኑን ሙሉ ስሟን ስጠራ ዋልሁ። ምድጃ ስታነድድ፣ ልብስ ስታሰጣ፣ ጎንበስ ስትል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሁልጊዜ ትዞር ነበር።

«ተሸነፍሽ! ተሸነፍሽ! ከመጀመሪያው በይ!»

«ወይኔ፣ ተይኝ እስቲ፣ እጄ ሊጥ ነው።»

«ከመጀመሪያው!»

«ስሜ አመተ ሥላሴ አለበል ነው፣ ዕድሜዬ ሃያ ሦስት ነው…»

በዘጠነኛው ቀን ከቦኖ ውኃ ቀድታ ስትመለስ ከአጥሩ ኋላ ጠበቅኋት። ጄሪካኑ ከጀርባዋ ነው። ካለፈችኝ በኋላ፣ ባለ በሌለ ድምፄ፣ «ስርጉት!» አልሁ። አልዞረችም። «ስርጉት! ስርጉት!» ትከሻዋ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። የሠፈሩ ውሻ ዞሮ አየኝ፤ እርሷ ግን መንገዷን ሄደች።

ሮጬ ገብቼ ለእትዬ ሀብትነሽ ነገርኋት። «ጎበዝ!» አለች፤ ማናችንን እንደሆነ አላውቅም። እኔ አጨበጨብሁ።

በማግሥቱ ጠዋት የሞጣው አውቶቡስ ላይ ሲሳፈሩ ጎንበስ ብዬ የስርጉትን ጉልበት ሳምሁ።

«እታለም፣ ስትጸልዪ አስቢኝ።»

«ምን ሆነሽ ነው አንቺ?» አለች፤ ልትስቅ ጀምራ ነበር። ከዚያ ፊቴን አይታ ሳቁን ተወችው። «አስብሻለሁ» አለችኝ።

እትዬ ሀብትነሽ አገጬን ያዘች። «ለማንም አትናገሪ፣ እሺ? ለማንም።» አባቴ ወደ አውቶቡሱ ዞሮ አማተበ። እስኪታጠፍ ድረስ ቆመን አየነው። ወደ ቤት ስንመለስ እጄን አልያዘኝም፤ በሌላ ጊዜ ይይዘኝ ነበር።

በአምስተኛው ቀን መምህርት ይርጋነሽ መጣች። የስርጉት የክፍል ኃላፊ ናት፤ አጭር፣ ቶሎ ቶሎ የምትራመድ፣ ተማሪዎች የሚፈሯት። ያለፈው ዓመት አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ ሊድሯት ሲሉ ፖሊስ ይዛ እስከ ሠርጉ ዳስ ድረስ የገባች ሴት ናት። አባቴ ቤተ ክርስቲያን ነበር። እኔ ደጃፉ ላይ ቀለም እበጠብጣለሁ።

«ስርጉት የታለች?»

ቀለሙን መበጥበጤን ቀጠልሁ።

«አሟታል?»

«አላመማትም።»

«ታዲያ? ዘንድሮ የሚኒስትሪ ፈተና እያለባት ቤት ትቀመጣለች እንዴ? ወይኔ፣ እዪኝ እስቲ። ሰው መጥቶ ነበር? ሽማግሌ ገብቶ ነበር?»

«አልገባም።»

«ለሰው ሊሰጧት ነው?» ወደ እኔ ዝቅ አለች። እስትንፋሷ ቁንዶ በርበሬ ይሸት ነበር። «ንገሪኝ እንጂ። አልቆጣሽም። የት ሄደች?»

አትናገሪ ተብያለሁ። ነገር ግን እህቴን ለባል ተሰጠች ብላ ልትሄድ ነው፤ እህቴን፣ ለሥላሴ የተሰጠችውን! አልቻልሁም።

«ገዳም ገብታለች» አልሁ።

ቀና አለች። «ገዳም?»

«መነኮሰች። ስሟም ተለውጧል። መርጡለ ማርያም ናት።» መርጡለ ማርያምን ከራሴ ነው የጨመርሁት፤ ከማውቀው ሁሉ ትልቁ እርሱ ስለሆነ።

መምህርት ይርጋነሽ ቤታችንን አየችው፤ የተወጠረውን ብራና፣ መቋሚያውን፣ ከበሮውን። ከእንዲህ ያለ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ይወጣል። ፊቷ ሲለሰልስ አየሁ። «ዕድሜዋ አልደረሰም ነበር…» ብላ ጀመረችና ተወችው። ደብተሯን ከፍታ አንድ መስመር አሠመረች። «እግዚአብሔር ያስፈጽማት። ጎበዝ ተማሪ ነበረች።»

ያን ዕለት ስርጉት ሞጣ፣ በእትዬ ሀብትነሽ ጓዳ ነበረች። ለዐሥራ አንድ ቀን እዚያ ቆይታለች፤ ፓስፖርቱ እስኪደርስ። ከብቸና ሞጣ አንድ የአውቶቡስ መንገድ ነው። መምህርት ይርጋነሽ «አረብ አገር» የሚል ቃል ብትሰማ፣ ወይም ጥቁሩን ቀሚስና ወረቀቱን ብነግራት፣ ያን መንገድ በዚያው ጠዋት ትሄደው ነበር። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፣ ካደግሁ በኋላ፤ ልትወቅሰኝ አልነበረም፤ ራሷን ስትወቅስ ነው።

ሁለቱ ዓመት አለፈ። በዐሥራ አንድ ዓመቴ አባቴ ለጥር ሃያ አንድ መርጡለ ማርያም ይዞኝ ሄደ። ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ነው። እኔ ታቦቱን አላየሁም። እየተሽሎከሎክሁ ጥቁር የለበሰችውን ሁሉ ፊት ለፊት እየሄድሁ አያለሁ። አንዲት አሮጊት መነኩሲት ጉንጬን ዳሰሱኝ፤ አንዲቱ ቆጣ ብላ ፊቷን ሸፈነችብኝ። ሦስተኛዋ ቁመቷ የስርጉትን ያክላል። ከኋላዋ ሆኜ «አመተ ሥላሴ!» ብዬ ጠራሁ። አልዞረችም። አባቴ ክንዴን ያዘ።

«ማንን ነው የምትጠሪው?»

«እታለምን።»

ስሙን ሰምቶታል። ከንፈሩ ነጣ። ለምን እንደሆነ አላወቅሁም፤ በተቀደሰ ቦታ በመጮኼ ተቆጥቶ መሰለኝ።

«እዚህ አይደለችም ወይ አባባ? ሌላ ገዳም ነው ያለችው?»

ያን ጊዜ ሊነግረኝ ይችል ነበር። ተንበርክኮ፣ ቁመቱን ከቁመቴ አስተካክሎ ነጠላዬን አጣፋልኝ።

«ጸልዪላት» አለኝ። «አንቺ ዝም ብለሽ ጸልዪላት።»

ሌላ ሦስት ዓመት ጸለይሁ። በዐሥራ አራት ዓመቴ አገሬ የምትባል የክፍሌ ልጅ፣ በጠብ መካከል፣ «ያንቺ እህት አረብ አገር የሰው ሽንት ቤት ታጥባለች፤ እናንተ ገዳም በሉ!» አለችኝ። መታኋት። ሮጬ ገብቼ አባቴን ጠየቅሁት። መስመር እያሠመረ ነበር። ብዕሩን አላነሣም፤ መስመሩን እስከ ዳር አደረሰው። መልሱ ያ ነበር። ማታ ማታ የምጸልየውን ተውሁ፤ የክብሪት ቀፎዋን ግን መጣል አልሆነልኝም።

ስርጉት በስምንተኛው ዓመት ተመለሰች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ ወረቀቱ ላይ የጻፍሁላት ዕድሜ ዞሮ ደረሰባት። የቀኝ እጇ አንጓ ተሰብሮ ያለ ወጌሻ ገጥሟል። ተቀመጪ እስኪሏት ትቆማለች። «ውኃ ልጠጣ?» ብላ ታስፈቅደናለች። የክብሪት ቀፎውን ሰጠኋት፤ ከፍታ ክሯን አየቻትና ዘግታ መለሰችልኝ። ስለዚያ ቤት የነገረችኝ ጥቂት ነው፤ በሩ ከውጭ ይቆለፍ ነበር፤ ሁለተኛው ዓመት ሲያልቅ «ልሂድ» ስትል እጇን ሰበሯት፤ ሸሽታ ፖሊስ ስትደርስ ስርጉት የምትባል ሴት በማንም መዝገብ አልተገኘችም። ወደ አገሯ የተመለሰችው በአመተ ሥላሴ የጉዞ ሰነድ ነው። የቀበሌው ጸሐፊ መታወቂያ ሲጠየቅ ሰነዱን አገላበጠ። «ይህች ሴት ሞጣ ተቀብራለች ይላሉ። አንቺ ደግሞ ነኝ የምትይው መሆንሽን በምን ላውቅ?» አለ። ያለ መታወቂያ ሕክምናውም፣ ሥራውም፣ ሲም ካርዱም አይሆንም። የፈለገችው ያ ነበር። ካሳ አላለችም፣ በቀል አላለችም። «ስሜን መልሱልኝ» ነበር ያለችው።

ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥ ስጦታው የሚባል ጠበቃ በወር ሁለት ጊዜ ብቸና ይመጣ ነበር። መምህርት ይርጋነሽ ናት ያገናኘችን። ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር፣ ቀጭን ሰው ነው።

«ፓስፖርትሽን ማን ይዞት ነበር?»

«እመቤቴ።»

«ደመወዝ?»

«አላየሁም። ለእትዬ ሀብትነሽ ይላካል ይሉኝ ነበር።»

«መውጣት ትችዪ ነበር?»

እንደ ቀልድ አየችው።

«በፈቃዴ ነው የሄድሁት ግን» አለች። «እንዲያ በይ ስለተባልሁ አይደለም። እውነት ነው፤ እሺ ብያለሁ። ታዲያ ማንን እከሳለሁ?»

ስጦታው ብዕሩን አስቀመጠ። «እኅቴ፣ ዐሥራ አምስት ዓመትሽ ነበር። የልጅ እሺታ በሕግ ፊት እሺታ አይባልም። በሰው ስም ያስመዘገበሽ፣ ዕድሜሽን የጨመረ፣ ለማያስወጣ ቤት ያስረከበሽ ሰው፣ ዘመድሽም ቢሆን፣ እናትሽም ብትሆን፣ የሠራው ሥራ ስም አለው። በሰው መነገድ ይባላል። ወንጀለኛዋ አንቺ አይደለሽም፤ የሐሰት ስም ይዘሽ ብትጓዢም አይደለሽም።»

ስርጉት ወደ መስኮቱ ዞረች። ስምንት ዓመት ሙሉ ራሷን ስትከስስ እንደኖረች ያን ጊዜ ገባኝ።

«ክሱን የሚመሠርተው ዐቃቤ ሕግ ነው፤ እኔ ከጎንሽ እሆናለሁ» አለ ስጦታው። «ወይዘሮ ሀብትነሽ ግን፣ የሟች ልጄን መታወቂያ ሰርቃኝ በራሷ ጠፋች ብላ ቃሏን ሰጥታለች። ሌላ የሚያስረዳ ነገር አለሽ? ማንኛውም ነገር።»

ስርጉት ከቀሚሷ ጠርዝ ስፌት ውስጥ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ ደርሷል። ስልኳን ወስደዋል፣ የእናታችንን ፎቶ ቀድደዋል፤ ይህን ግን ማንም ማንበብ ስላልቻለ ትተውላት ነበር። «ከቤት ይዤው ከሄድሁት የቀረኝ እርሱ ብቻ ነው» አለች።

ስጦታው ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ጥቁሩ ደብዝዟል፤ ቀዩ እንደ ነበረ ነው።

«ይህ የመጽሐፍ ጸሐፊ እጅ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ቀዩን አያችሁ? ደላላ በቀይ አይጽፍም። የአባታችሁ ነው?»

ስርጉት ዓይኗን ከወረቀቱ አላነሣችም። ስምንት ዓመት ሙሉ የማን እጅ እንደሆነ እያወቀች ነው ያነበበችው።

«የአባቴ አይደለም» አልሁ። «የእኔ ነው። እትዬ ሀብትነሽ እየነገረችኝ ጻፍሁት።»

«ስንት ዓመትሽ ነበር?»

«ዘጠኝ።»

አጠገቡ የነበረውን ውኃ ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

አባቴን ቃሉን እንዲሰጥ ለመንሁት። የሆነው ሁሉ የሆነው ደጃፉ ላይ ነው። «ወረቀቱ ሲጻፍ እርስዎ አልነበሩም? ስሙን አላወቁትም?»

«አውቄዋለሁ።»

«ታዲያ ይናገሩ!»

«ለንስሐ አባቴ ተናግሬአለሁ። በአበልጄ ላይ ግን ችሎት አልቆምም። ክርስትና ያነሣችልኝን ሴት በእጄ አላስርም።»

«ልጅዎንስ?»

መቋሚያውን አንሥቶ ወጣ። በቀጠሮው ቀን ከማኅሌት አልወረደም ነበር።

ፍርዱን የሚጠይቀኝ ብዙ ሰው ስለሆነ አስቀድሜ ልናገር። እትዬ ሀብትነሽ ተፈርዶባት ታሰረች። ውሳኔው ላይ የእህቴ ሙሉ ስም ከነዕድሜዋ ተጽፏል፤ በዚያ ወረቀት መታወቂያዋን አውጥታለች። ስጦታው ይህን ያህል ማግኘት ብርቅ ነው አለኝ፤ አምነዋለሁ። ከዚያ ሁሉ ይልቅ እኔ ዘንድ የቀረው ግን ምስክሮች የተሰሙበት ጠዋት ነው።

ችሎቱ የተሰየመው ሞጣ ነበር። በረንዳው ላይ እንጠብቃለን። ስርጉት መቀመጥ ስላልቻለች ተነሥታ ከበረንዳው መጨረሻ ቆማለች፤ ጀርባዋን ሰጥታን፣ ባለጉዳይ ግቢው ውስጥ ያሰራትን በቅሎ ታያለች። በሩ ተከፈተ። ፖሊሱ ዝርዝሩን ይዞ ወጣ።

«አንደኛ የዐቃቤ ሕግ ምስክር፣ ስርጉት ገብረ ማርያም!»

አልዞረችም። ሩቅ ስለሆነች አልሰማችም ብዬ አሰብሁ።

«ስርጉት ገብረ ማርያም!»

በተከፈተው በር ተከሳሿን አየኋት። ነጠላዋን ተከናንባ፣ ወደ ዳኛው ፊቷን አድርጋ ቆማለች። አርጅታለች።

«ለመጨረሻ ጊዜ፣ ስርጉት ገብረ ማርያም! አልቀረበችም ልበል?»

ተነሣሁ። «ስርጉት!» ብዬ ጮኽሁ።

ትከሻዋ እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ከተመለሰች ጀምሮ «እታለም» እንጂ በስሟ አልጠራኋትም፤ አባቴም «ልጄ» ነበር የሚላት። ያን ስም በእኔ ድምፅ የሰማችው በጨዋታው ጊዜ ብቻ ነው። ሰው ሁሉ ቢጠራት ምናልባት አንድ ቀን ትዞር ይሆናል። በእኔ ድምፅ ግን እንዳትዞር ያስተማርኋት እኔ ነኝ፤ በደንብ አስተምሬአታለሁ።

ፖሊሱ ወደ ውስጥ ሊመለስ ዞረ።

«አመተ ሥላሴ!» አልሁ።

«አቤት!»

ዞረች፤ እጆቿን ቀሚሷ ላይ እየጠረገች፣ ምን አጠፋሁ በሚል ፊት። በሩ ውስጥም፣ ከተከሳሽ ሳጥን፣ አንዲት አሮጊት በድንጋጤ ዞራ ወደ በረንዳው ታያለች፤ የሞተች ልጇ ስትጠራ ሰምታ።

ስርጉት ፈጥና መጣች። በአጠገቤ ስታልፍ «አንቺ ነሽ የጠራሽኝ?» አለችኝ።

«እነርሱ ናቸው» አልኋት። «ግቢ።»

ገባች። ዳኛው «ስምሽን ተናገሪ» ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ፖሊሱ በሩን ዘጋው። መዝገቡ ላይ ስርጉት ብላ እንደመለሰች ተጽፏል። ጠይቄያት አላውቅም።